የጣርማ በር ሌጎ እንዲሠራ ምን ያስፈልጋል?

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ብዙ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ የመሬት አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዝውውር ጥያቄ። ባለፈው ክረምት ግን ሦስት የሰፈር ልጆች ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዘው መጡና «ጋሼ፣ ይቺን በኮምፒዩተር ጻፍልንና ወደ ዴንማርክ እንላካት» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ በትልልቁ «ለሌጎ ኩባንያ» ተብሏል። ከሥሩ አምስት ጥያቄ ተደርድሯል፦ ጣርማ በርን ከነዋሻው ሥሩልን፣ ጭላዳ ሥሩልን፣ የመንዝ የድንጋይ ቤት ሥሩልን፣ ደብረ ሊባኖስን ሥሩልን፣ ምኒልክን ከነመድፋቸው ሥሩልን።

ሦስቱም ሌጎን፣ ያንን እየተገጣጠመ የሚሠራበትን የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ፣ የሚያውቁት የአንዱ አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛ ከመጣችው ያገለገለ ቁራጭ ነው። መመሪያ ወረቀት የለው፣ ሳጥን የለው፤ ግማሹ የመኪና፣ ግማሹ የቤት፣ የቀረው የምን እንደሆነ አይታወቅም። እኔም እንደነሱ የምወደው ነገር ስለሆነ ጥያቄያቸውን በዋዛ ማለፍ አልሆነልኝም። ደብዳቤውን ግን አልጻፍኩላቸውም። ቢላክ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ኩባንያው ሳይጠይቅ በደብዳቤ የሚመጣለትን ሐሳብ አይቀበልም። ንቀት አይደለም። ነገ የራሱ ባለሙያዎች የዋሻ መጫወቻ ቢያወጡ «ሐሳቤን ወሰዳችሁ» የሚል ክስ ከየአቅጣጫው እንዳይነሣበት ነው። ለምኞት የተከፈተ ሌላ በር ግን አለ። ለልጆቹ ያስረዳኋቸው እሱን ነው፤ እዚህም የምጽፈው እሱኑ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጡቡ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ሌጎ የተመሠረተው በ1932 ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ነው። መሥራቹ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን አናጢ ስለነበር መጀመሪያ የሚሠራው የእንጨት መጫወቻ ነበር። ስሙም «ደኅና አድርገህ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት ተቆራርጦ የተገጠመ ነው። የፕላስቲክ ጡብ መሥራት የተጀመረው በ1949 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው አያያዝ ግን የፈጠራ መብት ማመልከቻ የገባለት በ1958 ነው፤ ከላይ ጉብታ፣ ከሥር ባዶ ቱቦ። የታችኛው ጡብ ጉብታ በላይኛው ቱቦና ግድግዳ መካከል ጥብቅ ብሎ ይገባል። ልጅ በጣቱ ይነቅለዋል፣ ብድግ ሲያደርጉት ግን አይፈርስም። ያን ጊዜ የተሠራ ጡብ ዛሬ ከፋብሪካ ከወጣው ጋር ይገጥማል።

ይህ የሆነው በልክ ጥብቅነት ነው። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6፣ ጠፍጣፋ የሚባለው ስስ ቁራጭ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሦስት ጠፍጣፋ ሲደራረብ አንድ ጡብ ይሆናል። አምስት ጠፍጣፋ ሲደራረብ 16 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ጉብታ ጎን ለጎን እንዲሁ 16 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የሌጎ ሊቆች ግድግዳን በጎኑ አስተኝተው የሚሠሩት በዚህ ሒሳብ ነው። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ይህን ቁጥር ስነግራቸው ትንሹ ልጅ «ታዲያ ጣርማ በር ከዚያ ውስጥ አይጠፋም» አለ።

ትክክል ነው፤ አይጠፋም። ግን እስቲ ጣርማ በርን በልክ እንየው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ደጋው በድንገት ያልቅና መኪናው ጉም ውስጥ ይገባል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ይውጠዋል፤ በወዲያ በኩል ሲወጣ ምድሩ ከእግር ሥር ወርዶ ደብረ ሲና ከታች ትታያለች። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሌጎ ሰው ደግሞ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ከሰባ የሚሆን ሰው ወደዚያ ሲወርድ ከአርባ እጥፍ በላይ አንሷል። ዋሻውንም በዚያው ልክ ብናሳንሰው ርዝመቱ 12 ሜትር ያልፋል። ከሱቄ በር ተነሥቶ አስፋልቱን ያቋርጣል ማለት ነው። ይህን የሚገዛም የሚያስቀምጥበት ቤት ያለውም የለም።

ስለዚህ ሌጎ የሚነድፍ ሰው ቦታውን ሙሉውን አይሠራም፤ ሰው ያንን ቦታ ሲያስብ ዓይኑ ላይ የሚመጣውን ቁራሽ ይመርጣል። ለጣርማ በር የዋሻው አፍ ይበቃል። በአንድ በኩል ደጋ፣ በሌላው ገደል። ጉሙ ነጭና ብርሃን የሚያሳልፉ ቁራጮች ተደባልቀው ይሠራል። አንድ አውቶቡስ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ፣ ዳር ላይ አንዲት ቆሎ ሻጭ ስኒዋን ይዛ። ትልቁ ልጅ ወዲያው «ረዳቱም በሩ ላይ ይንጠልጠል» አለ። ንድፍ ማለት እንዲህ ነው የሚጀመረው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። «ሌጎ አይዲያስ» ይባላል። በ2008 ጃፓን ውስጥ «ኩሱ» በሚል ስም ተጀመረ፣ በ2011 ለዓለም ሁሉ ተከፈተ፣ በ2014 የአሁኑን ስም ያዘ። አሠራሩ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ከባድ ነው። አንድ ሰው እንዲወጣ የሚፈልገውን እሽግ፣ ማለትም በአንድ ሳጥን ከነመመሪያው የሚሸጠውን የቁራጭ ስብስብ፣ ራሱ ነድፎ፣ ሥዕሉን ከማብራሪያ ጋር ያቀርባል። ቀሪው ዓለም አይቶ ይደግፈዋል ወይም ያልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 100 ደጋፊ ካላገኘ ይወርዳል። ካገኘ ጊዜ ይጨመርለታል፤ 1,000 ሲደርስ እንደገና፣ 5,000 ሲደርስ እንደገና። መጨረሻው 10,000 ነው። ማይንክራፍት የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ እሽግ 10,000ውን በሁለት ቀን ሞልቶ በ2012 ወጣ። አብዛኛው ግን ለወራትና ለዓመታት ይጎተታል፣ ወይም መንገድ ላይ ይቀራል።

10,000 ደጋፊ ማለት ደግሞ «ይሠራል» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚያስገኘው ለግምገማ መቅረብን ብቻ ነው። ኩባንያው በዓመት ሦስት ጊዜ እየተቀመጠ የደረሱለትን ሐሳቦች ይመረምራል፤ ይሸጣል ወይ፣ ይጸናል ወይ፣ ከሌላ ከምናዘጋጀው ጋር ይጋጫል ወይ፣ የስሙ ባለመብት ይፈቅዳል ወይ። ከብዙዎቹ ጥቂቶች ይመረጣሉ። የተመረጠውንም የኩባንያው ነዳፊዎች ከመሠረቱ እንደገና ይሠሩታል። ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ከተጣራው ሽያጭ 1 በመቶና 10 እሽግ ያገኛል፤ ስሙም ከመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ይገባል።

የልጆቹን ደብዳቤ በዚህ ወንፊት ሳሳልፈው ሁለቱ ጥያቄዎች ወዲያው ቀሩ። አይዲያስ የሃይማኖት ምልክት፣ ሕንፃም ሆነ ሰው አይቀበልም። ደብረ ሊባኖስ በዚህ ወደቀ። ላሊበላም፣ መስጊድም፣ የሮም ካቴድራልም ቢሆን ያው ነው። ልጆቹ ከፍቷቸዋል፤ ለነሱ ከሁሉ የሚያምረው ሕንፃ እሱ ነዋ። እኔ ግን ደንቡን እረዳዋለሁ። አንዱን ቤተ እምነት የፈቀደ ሌላውን ሲከለክል በምን ቃል ይናገራል? የመጫወቻ ኩባንያ በዚያ ዳኝነት ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

ምኒልክ ከነመድፋቸው የወደቁት በሌላ ነው። ደም፣ ፖለቲካ፣ ዘመናዊ ጦርነትና የጦርነት መታሰቢያ አይፈቀድም። ጦርና ጋሻ የያዘ የመካከለኛው ዘመን ባላባት ግን ከድሮም አለ፤ የቤተ መንግሥት ጭብጥ የሚባለው የእሽግ ዘር በ1978 የተጀመረ የሌጎ የቆየ ኩራት ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከመድፉ ወደ ቤቱ አዞርኳቸው። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ ከደብረ ብርሃን ወረድ ብሎ አንጎለላ ነው፣ በ1844። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ደግሞ ተራራው አናት ላይ እንደ ንስር ጎጆ የተቀመጠች ናት። የእንጨት አጥር በአጥር የተከበበ፣ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ግቢ በጡብ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያምር ማሰብ አይከብድም። ማንንም አይወጋም፣ ማንንም አይሰብክም።

የሚከብደው ሌላው ነው። አንኮበርን ከሚያውቅ ሰው 10,000 ድምፅ ቢሰበሰብ እንኳ፣ ገዢው ሆላንድና ጃፓን ያለ ሰው ነው። እሱ አንኮበርን ሰምቶ አያውቅም። ከአይዲያስ የወጡትን እሽጎች አስተያይቼ የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፤ ማንም የማያውቀው ቦታ ያሸንፋል፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ከውስጡ ካለ። በ2017 የወጣው አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ የየትኛው አገር እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። በ2021 የወጣው የመካከለኛው ዘመን አንጥረኛ ቤትም እንዲሁ፤ በዚያው ዓመት የወጣውን የጽሕፈት መኪና ደግሞ እንደኔ ዓይነቱ ሰው ሲያየው ልቡ ይቆማል። በ2015 አንድ እንግሊዛዊ አትክልተኛ በጡብ የሠራቸው ሦስት ወፎች እሽግ ሆነው ወጥተዋል። የወፎቹን ስም ያልሰማ ሰው እንኳ ወፍን ያውቃል።

በዚህ ዓይን ሲታይ የልጆቹ ደብዳቤ ጠንካራ ጥያቄዎች ጣርማ በርም ምኒልክም አይደሉም፤ የድንጋይ ቤቱና ጭላዳው ናቸው።

የመንዝን ቤት ያየ ያውቀዋል። ግድግዳው ክብ፣ ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ ተናብቦ የተካበ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፤ ለብርዱ የተሠራ ቤት ነው። የሌጎ ጡብ አራት ማዕዘን ስለሆነ ክብ ግድግዳ አይወድም፤ ግን ዘዴ አለው። ባለ ሁለት ጉብታ ጡብና ባለ አንድ ጉብታ ክብ ጡብ እየተፈራረቁ ሲደረደሩ ክቦቹ እንደ ማጠፊያ ይሆናሉና ግድግዳው ቀስ ብሎ ይዞራል። ፊቱ የግንብ ካብ የሚመስል ጡብም አለ፤ ከልሙጡ ጋር ሲደባለቅ ድንጋዩ ሕይወት ያገኛል። ጥቁር ግራጫ፣ ቀላል ግራጫ፣ አልፎ አልፎ የሽበት መሳይ አረንጓዴ ለድንጋይ ሽበቱ። ክዳኑን አንሥተው ሲያዩት ውስጡ ምድጃ፣ መደብ፣ ባና በሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የተሸፈነ አልጋ። ክዳኑ የሚነሣ ቤት ልጅም አዋቂም ይወዳል።

ሣሩ ራሱ ታሪክ አለው። መንዝ ላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ቄሮ በሚባል የማኅበረሰቡ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ጭላዳም እንደዚያው። ለማብራሪያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ደጋፊ ፍለጋ ላይ የሚያነብ ሰው ቤቱን ለውበቱ ያየዋል፤ ሣሩ በሥርዓት የሚታጨድ መሆኑን ሲያነብ ግን ያስታውሰዋል።

ጭላዳን በተመለከተ ልጆቹ የፈለጉት አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ሌጎ ውሻና ፈረስ እንዳለው ዓይነት እንስሳ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ፎርማ ማስረዳት ነበረብኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚወጣው የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ከሚገባበት የብረት ፎርማ ነው። ፎርማው እጅግ ውድ ነው፤ አሥር ቁራጭ ቢያወጣም አሥር ሚሊዮን ቢያወጣም የማሠሪያ ዋጋው ያው ነው። ነባር ቁራጭን በአዲስ ቀለም ማውጣትም ወጪ አለው፤ ማሽኑ ይቆማል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ መጋዘን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሣጥን ይያዛል። ስለዚህ አዲስ ፎርማ የሚጠይቅ ምኞት ግምገማው ላይ አንድ እግሩ ታስሮ ይሮጣል።

የታሰረው እግር ግን ለዘላለም አይታሰርም። ዜልዳ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ አፍቃሪዎች ለዓመታት ደጋግመው 10,000 ሞልተው ደጋግመው ተከልክለዋል። በ2024 ግን ኩባንያው ራሱ ከባለመብቱ ጋር ተዋውሎ 2,500 ቁራጭ ያለውን የዜልዳ ትልቅ ዛፍ አወጣ። የድሮ ጭብጥ የናፈቃቸውም እንዲሁ ናቸው። በ1978 የትንሿ ሰው ቅርጽ ስትወጣ ከተማ፣ ቤተ መንግሥትና ጠፈር አብረው መጡ፤ በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ደሞዝተኞች ናቸው፣ የልጅነታቸው ቤተ መንግሥት እንዲመለስ ሳይታክቱ ጠየቁ። ኩባንያው 90 ዓመት ሊሞላው ሲል በ2021 የትኛው ጭብጥ ይመለስ ብሎ አፍቃሪዎቹን አስመረጠ፤ በ2022 ደግሞ 4,514 ቁራጭ ያለው የአንበሳ ባላባቶች ቤተ መንግሥትና የድሮዋ የጠፈር መርከብ እንደገና ተሠርተው ወጡ። ተስፋ ያልቆረጠ ጠያቂ ዘግይቶም ቢሆን ይሰማል።

ጭላዳውን ግን ያለ አዲስ ፎርማ መሥራት ይቻላል፤ እንደዚያ እንግሊዛዊ ወፎች ከነባር ቁራጮች ተገጣጥሞ። የወንዱ ጋማ ተደራራቢ ቡናማ ተዳፋት ቁራጮች ይሆናል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳስ? ሌጎ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ባለ አንድ ጉብታ ስፋት ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ ቀዩን ደረቱ ላይ መለጠፍ ነው። ይህን ስነግራቸው ሦስቱም አንድ ላይ ነው የጮኹት።

በዚህ መሐል አንደኛው «ገበያ ያለው የቻይናውስ ሌጎ አይደለም?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነተኛውን እዚህ ደብረ ብርሃን ሱቅ ውስጥ ተሸጦ አይቼ አላውቅም። የሚመሳሰለው ግን አለ፤ መሸጡም በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። የጡቡ የፈጠራ መብት ዘመኑ አልፏል፤ በ2010 የአውሮፓ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የጡቡ ቅርጽ ለመገጣጠም ሥራው የሚያስፈልግ ስለሆነ እንደ ንግድ ምልክት ሊያዝ አይችልም ብሎ ፈርዷል። የሌላውን እሽግና ሥዕል መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለመለማመድ የቻይናውም ይበቃል።

ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ግን ለመንደፍ አንድም ጡብ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ብሪክሊንክ የሚባል፣ በ2000 የተጀመረና በ2019 ሌጎ የገዛው የቁራጭ ገበያ አለ፤ «ስቱዲዮ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያወጣው እሱ ነው። ቁራጮቹ ከሞላ ጎደል ከነቀለማቸው ውስጡ አሉ። የትኛው ቁራጭ በየትኛው ቀለም ተሠርቶ እንደሚያውቅ ይናገራል፣ ያልተያያዘውን ያሳያል፣ ሲያልቅ እንደ ፎቶግራፍ የጠራ ሥዕል ያወጣል። አይዲያስ እንዲህ ያለውን ሥዕል ይቀበላል። ቁራጩ ከ5,000 መብለጥ የለበትም፤ የመንዝ ቤት ከነጭላዳዎቹ ሩቡንም የሚጨርስ አይመስለኝም።

ፕሮግራሙን በሱቄ ኮምፒዩተር ላይ ጭኜዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ ልጆቹ ይመጣሉ። ሐሳብ ለማቅረብ 13 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ትልቁ 12 ነው፤ እስከዚያ ቤቱን አፍርሰው እየሠሩት ነው። አንድ ቅዳሜ ክዳኑ እንዴት ይነሣ በሚል ብቻ ተከራክረው አለቀ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትንሹ ልጅ ከሻንጣው ቁራጭ የሠራውን እውነተኛ ጭላዳ ይዞ መጣ። ጋማው ከቡናማ ይልቅ አረንጓዴ ይበዛዋል፤ ያገኘው እሱን ነው። የልብ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ሻንጣው ውስጥ ስላልነበረ ከለስላሳ ጠርሙስ ቀይ ቆርኪ አጣጥፎ ደረቱ ላይ ለጥፎለታል። አሁን ፕሪንተሬ ላይ ተቀምጧል፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣው ሁሉ አንሥቶ ያየዋል፣ ምን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም።